ባለ ቅመም የፖም ቁርጥ፦ ታቹ ብስኩት፣ ላዩ ፍርፋሪ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለቆላና ለባሕር ዳር አገር የተጻፈ የኬክ አሠራር እዚህ ሲሞከር መሐሉ የሚሰረጉደው ለዚህ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝ ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋዋል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይጠነክሩ ኬኩ ከፍ ይልና ቁጭ ይላል። ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ በወጣችሁ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፤ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ትንሽ ቀለል ይላል።

የፖም ቁርጥ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። እንቁላልም ቤኪንግ ፓውደርም የለበትም፤ የማይነፋ ነገር አይወድቅም። ታቹ በቅቤ የታሸ ብስኩት፣ መሐሉ በቀረፋና በኮረሪማ የበሰለ ፖም፣ ላዩ ፍርፋሪ ነው። ሲቀዘቅዝ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ የፖሙ ውሃ። ከዚህ በታች ካለው ሥራ አብዛኛው ያን ውሃ ብስኩቱ ላይ ሳይደርስ ማስወጣት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መጠኑ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፓትራ ነው። የፓትራው ጠርዝ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ 24 ቁርጥ ይወጣዋል።

ለሊጡ፦
የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም
ስኳር 110 ግራም
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ 180 ግራም
ቀዝቃዛ ውሃ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ካስፈለገ ብቻ

ላዩ ላይ ለሚበተነው ፍርፋሪ የሚጨመር፦
የተዳመጠ አጃ 50 ግራም
ቡናማ ስኳር 40 ግራም

ለፖሙ፦
ፖም 1 ኪሎ፣ ሳይላጥ ተመዝኖ
ስኳር 70 ግራም
የሎሚ ጭማቂ 2 የሾርባ ማንኪያ
ጨው አንድ ቁንጥጫ
የገበታ ቅቤ 20 ግራም
ኮርን ስታርች 1 የሾርባ ማንኪያ
የተፈጨ ቀረፋ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ደረቅ የዝንጅብል ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ቅርንፉድ 4 ፍሬ፣ ተወቅጦ

ብስኩቱ ላይ ለሚነሰነሰው፦
በደንብ የደቀቀ የደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ 2 የሾርባ ማንኪያ

ሚዛን ከሌላችሁ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ሁለት ኩባያ ተኩል ዱቄት 300 ግራም ይሆናል። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉና አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ መዛቅ ዱቄቱን ስለሚጠቀጥቀው ያለልክ ያበዛዋል። ቅቤው ባለ 250 ግራም ከሆነ አምስት ቦታ ክፈሉትና አራቱን ውሰዱ፤ ለሊጡም ለፖሙም የሚበቃው 200 ግራም እሱ ነው።

ቅቤውን በተመለከተ፦ ከገበያ የሚገዛ ለጋ ቅቤ አሬራ ስለሚቀርበት ውሃው ይበዛል፣ ሽታውም ብስኩቱ ላይ ይጎላል። ኮሰረትና ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ደግሞ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ለጋውን ያለ ምንም ቅመም አንጥራችሁ ካረጋችሁት ግን ጥሩ ነው። ንጥር ቅቤ ውሃ ስለሌለው በ180 ግራሙ ፈንታ 150 ግራም ይበቃል።

አጃው የተዳመጠው፣ ጠፍጣፋው ይሁን። የቅንጬው አጃ በዚህ ጊዜ ውስጥ አይበስልም፤ ጥርስ ላይ ጠጠር ይሆናል። ጠፍጣፋው ከጠፋ በ50 ግራም የተቆላና በደንቡ የተከካ ለውዝ ተኩት።

ፖሙን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ኮምጠጥ ያለና ጠንካራ ፖም ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከጨንቻ የሚመጣው የአገር ውስጥ ፖም ሲገኝ የሚመረጠው እሱ ነው። ፍሬው ብዙ ጊዜ አነስ ያለ ስለሆነ ልጣጩና እምብርቱ ብዙውን ይወስደዋል፤ ስለዚህ 200 ግራም ጨምራችሁ ግዙ። ከውጭ ከሚገቡት አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ አያሳፍርም። ቀዩና የሚያብረቀርቀው ለዓይን ያምራል እንጂ ብዙ ጊዜ ቆይቶ የተሸጠ ነው፤ ሲበስል ይፈርሳል። ከእሱ ሌላ ካልተገኘ ስኳሩን ወደ 50 ግራም ዝቅ፣ ሎሚውን ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉ።

ሃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያም ግዙ ከሰፈር አትክልት ቤት፣ ፖሙን ግንዱ አጠገብ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። የሚሰረጉድ ከሆነ ተዉት። ቅርፊቱ የተጨማደደም ውሃውን ያጣ ነው ብላችሁ አትምረጡት፤ አብሮ ጣዕሙንም አጥቷል።

ቅመሙ

በዚህ ጣፋጭ ላይ ቅመም የሚበላሸው በማነስ ሳይሆን በመብዛትና በማርጀት ነው። ቀረፋው ዋናው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ይሰማል እንጂ አይቅደመው። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙና ራሳችሁ ፈልፍሉት። ፍሬውን በደረቅ መጥበሻ ለአንድ ደቂቃ፣ ሽታው ብድግ እስኪል ብቻ አሙቁትና ውቀጡት። ተፈጭቶ ከርሞ የሚሸጠው መዓዛው ሄዶ ምሬቱ የቀረ ነው። ሄል ብትመርጡ ይሆናል፣ ነገር ግን ከኮረሪማ ይልቅ ሽታው ስለሚያይል መጠኑን በግማሽ ቀንሱ።

ቅርንፉድ ላይ ቁጥሩን አትለፉ። ስድስትና ሰባት ፍሬ ሲገባ ምላስ ያደነዝዛል፣ ፖሙም የጥርስ መድኃኒት ይሸታል። ገውዝ ለሚወድ ሰው ለሽታ ያህል ጥቂት መፋቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከቅርንፉዱ ሁለቱን አውጡ። መከለሻ በምንም መልኩ አይገባም፤ ቁንዶ በርበሬ ያለበት ነው።

በቤት የቅመም መፍጫ የምትፈጩ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፈጭታችሁበት ጣሉት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በርበሬ ወይም ጥቁር አዝሙድ የተፈጨበት መፍጫ ምን ቢጠረግ ያስታውቃል፤ ለጣፋጭ ሙቀጫ ይሻላል።

ፖሙን ማብሰል

ይህን ክፍል ቀደም ብላችሁ፣ ቢቻል ከዋዜማው ጨርሱት። በጋዝም በከሰልም ይሆናል፤ መብራት አይጠብቅም።

1. ፖሙን ላጡ፣ እምብርቱን አውጡ፣ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ ባላቸው ኩቦች ክተፉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ፖሙ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ትልልቅ አድርጎ የከተፈ ሰው ውጭው ሲፈርስ ውስጡ ጥሬ ይሆንበታል።

2. ስኳሩን፣ ሎሚውንና ጨውን ጨምራችሁ አዋሕዱና 30 ደቂቃ አቆዩት። ስኳሩና ጨው ውሃውን ስበው ያወጡታል። ከዚያ በወንፊት አጥልሉት፤ የወረደውን ጭማቂ አትድፉት፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

3. ጭማቂውን ብቻ በሰፊ መጥበሻ ላይ አፍልታችሁ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ወፍራም ሽሮፕ እስኪቀር አድርቁት። ጠባብ ድስት ይህን ሥራ በእጥፍ ያረዝመዋል።

4. ቅቤውን፣ ቅመሙንና የተጠለለውን ፖም ጨምሩ። በመካከለኛ እሳት፣ ክዳን ሳትከድኑ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እያገላበጣችሁ አብስሉ። መክደን የወጣውን ውሃ መልሶ ያንጠባጥበዋል። ፖሙ አልበስል ሲል ውሃ መጨመርም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጊዜ ስጡት እንጂ ውሃ አትስጡት።

5. ኮርን ስታርቹን በ1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ውሃችን ቀድሞ ስለሚፈላ ስታርች እዚህ ቶሎ አይወፍርም፤ ደመናማው መልኩ ጠፍቶ ሲጠራ ደርሷል። ኮርን ስታርች ከሌለ በተመሳሳይ መጠን ደረቅና በደንብ የተነፋ ቡላ ያው ስታርች ስለሆነ ያወፍራል።

6. መድረሱን ለማወቅ ማንኪያውን መጥበሻው ወለል ላይ ጎትቱት። የተከፈተው መንገድ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይዘጋ ከቆየ በቂ ነው፤ ወዲያው ፈሳሽ ከሞላው ገና ነው። የሚመዝን ሰው ጠቅላላው ወደ 650 ግራም ሲወርድ ያውርደው። በሰፊ ሳሕን ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት። ለብ ያለ ፖም እንኳ ላዩ የሚበተነውን ፍርፋሪ ሳይጋገር ያቀልጠዋል።

ሊጡ

ዱቄቱን በወንፊት ንፉና ከስኳሩና ከጨው ጋር ቀላቅሉ። ቅቤውን ከማቀዝቀዣ እንደወጣ በካሮት መፈቅፈቂያ ዱቄቱ ላይ ፈቅፍቁት። በጣት ጫፍ ብቻ፣ በመዳፍ ሳይሆን፣ ከዱቄቱ ጋር አሹት። የደጋው ቅዝቃዜ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጠዋት የሠራ ሰው ቅቤ አይቀልጥበትም። እርጥብ አሸዋ ሲመስልና እፍኝ ውስጥ ሲጨበጥ ሲያያዝ ይቁም። ጨብጣችሁት የሚበተን ከሆነ ዱቄቱ ደርቋል፣ በበጋ ይህ የተለመደ ነው፤ ከቀዝቃዛው ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ረጭ አድርጉበት። እንደ ዳቦ ሊጥ እንዳታቦኩት። የተቦካ ሊጥ ይሳባል፣ ሲጋገርም ይደርቃል።

ከሊጡ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 200 ግራም ገደማ፣ ለዩ። አጃውንና ቡናማ ስኳሩን ቀላቅሉበት፣ አንዳንዱን በጣት ጨበጥ ጨበጥ አድርጋችሁ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጓል አውጡለትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት።

ፓትራው ውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፤ ወረቀቱ በሁለት ጎን ተርፎ ይውጣ፣ ኋላ ጣፋጩን የምታነሡት በእሱ ነው። ቀሪውን ሊጥ በትኑበትና በብርጭቆ ቂጥ ጠቅጥቁት። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ማዕዘኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይወፍራል፣ መሐሉ ይሳሳል፤ መሐሉ ደግሞ የፖሙ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው። በሹካ ከላይ እስከ ታች ወጋ ወጋ አድርጉት።

መጋገር

ኦቨኑ 190 ዲግሪ ይሁን። ብዙ አሠራሮች 180 ይላሉ፤ እዚህ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን ላዩ እስኪቀላ ቢጠበቅ ታቹ ይደርቃል፣ ስለዚህ ትንሽ ሞቅ ማድረጉ ይበጃል።

ከከተማ ዳር ያለ ሰው ግን የኦቨኑን ቁጥር ባያምን ይሻለዋል። አመሻሽ ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ 190 ላይ የተደረገ ኦቨን 150 ላይ ተኝቶ ሊውል ይችላል። የኦቨን ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አስገቡት። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀልጦ ከተገኘ ኦቨኑ ደርሷል፤ ነጭ ፍሬ ሆኖ ከቆየ አልደረሰም፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ቮልቴጁን እንዳያወርዱት ምጣድና የውሃ ማሞቂያ ከኦቨኑ ጋር አብረው አይሥሩ።

መጀመሪያ ብስኩቱን ብቻውን፣ በታችኛው መደርደሪያ፣ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ጋግሩ። ጠርዙ ወርቃማ፣ መሐሉ የደረቀ መሆን አለበት። ይህን የሚዘል ሰው አለ፤ ጥሬ ሊጥ ላይ ፖም አድርጎ ታቹ እንዲበስል መጠበቅ ከንቱ ነው። እንደወጣ፣ ትኩስ ሳለ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደቀቀ የደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ በእኩል ንስንሱበት። ከፖሙ የሚያመልጠውን ውሃ እሱ ይጠጣዋል፣ ሲበላ ግን አይታወቅም።

የቀዘቀዘውን ፖም አልብሱት፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ተዉ። ፍርፋሪውን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ሳትጫኑት በትኑ። በመካከለኛው መደርደሪያ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገር። መውጫው የሚታወቀው ፍርፋሪው ሲቀላና ዳር ዳሩ ላይ ያለው ፖም ቀስ ብሎ፣ ወፍራም አረፋ እያወጣ ሲንተከተክ ነው። አረፋው ቀጭንና ፈጣን ከሆነ ውሃ አለ፣ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። በትንሹ የጠረጴዛ ኦቨን ላይኛው ሽቦ ቅርብ ስለሆነ ሃያኛው ደቂቃ ላይ እዩት፤ ቀልቶ ከሆነ ፎይል ጣል አድርጉበት። የጋዝ ኦቨን ተቃራኒው ነው፣ ታቹን ያሳርራል፤ ከፓትራው በታች ባዶ ትሪ አስገቡ።

መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ፣ ብስኩቱ ብቻውን ሳለ ከሆነ ችግር የለም። የኦቨኑን በር ሳትከፍቱ ጠብቁ፣ ሲመጣ ቀጥሉ። ፖም ከለበሰ በኋላ ከሆነና ከሃያ ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ታቹ እየራሰ ነው፤ ወደ ከሰል ማዛወሩ ይሻላል። መብራት በሚያስቸግርበት ሰፈር ፖሙንና ብስኩቱን ለየብቻ ጨርሳችሁ የምታለብሱት መብራቱ መረጋጋቱን አይታችሁ ይሁን።

ኦቨን ለሌለው

ድፎ ዳቦ የሚደፋበት መንገድ እዚህም ይሠራል። ዲያሜትሩ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ወፍራም ክብ ድስት ስፋቱ ከፓትራው ጋር እኩል ነው፤ ክዳኑ ብረት ይሁን። ከሰሉ በደንብ ቀልቶ አመድ ሲለብስ አንድ ሦስተኛውን ከታች፣ ሁለት ሦስተኛውን ክዳኑ ላይ አድርጉ። ከታች የበዛ እሳት ብስኩቱን በአሥር ደቂቃ ያከስለዋል። የመጋገሪያ ጊዜው ተመሳሳይ ነው፤ በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ እንፋሎቱን አስወጡ። ኮባ አታንጥፉ። ለድፎ የሚያምርበት እርጥበቱ ነው፣ ይህ ደግሞ እርጥበት የሚሸሽ ነገር ነው። ሥራው ደጅ ወይም በርና መስኮት በሰፊው በተከፈተበት ይሁን፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚሞክሩ አሉ። እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ላዩ ገርጥቶ ይቀራል፣ ስኳር ፈስሶ ካረረበት ደግሞ ምጣዱ እንጀራ ይይዛል። የግድ ከሆነ ፓትራውን በሦስት ትንንሽ ድንጋዮች ላይ አንሡት፣ አከንባሎውን በጠባቡ ከፈት አድርጉት፣ ፍርፋሪውንም ለብቻ በመጥበሻ ቆልታችሁ መጨረሻ ላይ በትኑ።

ለጾም

እንቁላል ከመጀመሪያውም ስለሌለበት የሚቀየረው ቅቤው ብቻ ነው። ለሊጡ በ180 ግራሙ ቅቤ ፈንታ 150 ሚሊ ሊትር ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ላይ መትታችሁ ዱቄቱ ላይ አፍስሱ፣ በሹካ አዋሕዱት። ፖሙ ውስጥ የሚገባውን ቅቤ ዝለሉት። የሱፍ ዘይት ጣዕሙ የጠራ ነው፤ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን፣ ለወጥ ባይወደድም፣ ለዚህ ፍርፋሪ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም እንደ ቅቤ ጠጠር ያለ ነው። ማርጋሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ የወተት ዱቄት ያለበት አለ። በዘይት የተሠራው ብስኩት ቶሎ ስለሚቀላ ከ15ኛው ደቂቃ ጀምሮ ተመልከቱት።

ሲበላሽ

ታቹ ከራሰ፦ ወይ ፖሙ ውሃው ሳይደርቅ ወርዷል፣ ወይ ብስኩቱ ለብቻው አልተጋገረም። አሥር ደቂቃ በታችኛው መደርደሪያ መመለስ ትንሽ ይረዳዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይድንም።

ፍርፋሪው ቀልጦ አንድ ንጣፍ ከሆነ፦ ቅቤው ለስልሶ ነበር ወይም ኦቨኑ አልሞቀም። ሙቀት ያነሰው ኦቨን ሊጡን ሳያጠነክረው ቅቤውን ያቀልጠዋል።

ብስኩቱ ከደነደነ፦ ሊጡ ከልክ በላይ ታሽቷል ወይም ውሃ በዝቶበታል።

ሲቆረጥ ከተፈረፈረ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጋጋሪው ሳይሆን የቸኳዩ ነው። በፓትራው ውስጥ ሳለ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ። ስታርቹም ቅቤውም የሚረጉት ሲበርዱ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ አውጡትና ረጅም ቢላ ከላይ ወደ ታች በመጫን ቁረጡ፤ መግፋትና መሳብ ፍርፋሪውን ያራግፈዋል። በየቁርጡ ቢላውን ጥረጉት።

በከተማችን ቅዝቃዜ ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ቀን ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል፣ በማቀዝቀዣ አምስት ቀን። ክዳኑ ጥብቅ ሲሆን ፍርፋሪው ይለሰልሳል፤ ከመቅረቡ በፊት በደረቅ መጥበሻ ላይ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ክዳን ሳይኖረው አምስት ደቂቃ ቢሞቅ ታቹ መልሶ ደረቅ ይላል። በበረዶ ቤት ለማስቀመጥ ተቆርጦ፣ በየመሐሉ ወረቀት ተደርጎበት ነው። ሲወጣ ሳይሸፈን ይቅለጥ፤ ከነላስቲኩ ከቀለጠ ጠሉ ብስኩቱ ላይ ይወርዳል።